ጨውን ለራስህ

ነገሩ የተጀመረው ከአንድ መጽሐፍ ሽፋን ነው። አዶልፍ ፓርለሳክ የተባለው ቼክ በጣልያን ወረራ ዘመን ከራስ ካሣ ጦር ጋር ሆኖ በሰሜን ግንባር ያየውን የጻፈበት፣ ተጫነ ጆብሬ መኮንን ወደ አማርኛ የመለሰው «የሐበሻ ጀብዱ» ዶርማችን ውስጥ ከአልጋ ወደ አልጋ ሲዞር ሰንብቶ በመጨረሻ እኔ ዘንድ ደረሰ። የላይኛው አልጋ ጓደኛዬ የሒሳብ ተማሪ ነው፤ ልብ ወለድም ታሪክም ለእሱ ያው ወሬ ነው። አንገቱን ከላይ አስግጎ ሽፋኑን አየና፣

«ፓርለሳክ ማለት ምን ማለት ነው?» አለኝ።

«ስም ነዋ!»

«ስምነቱንማ አየሁት። ምን ማለት ነው ነው የምልህ።»

ይኼ የእኛ አገር ሰው ጥያቄ ነው። ከበደ ቢሉን፣ ምትኩ ቢሉን፣ ማስረሻ ቢሉን ከስሙ ጀርባ አንድ ወሬ እንዳለ እናውቃለን፤ ቤቱ ምን ሆኖ እንደነበር፣ ማን ሞቶ ማን እንደተተካ ሳንጠይቅ እንገምታለን። ስለዚህ እኔም ጥያቄውን ይዤ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። ግን ፓርለሳክን ስከተል መንገድ ላይ ሌላ ስም ጠልፎ አስቀረኝ። ኦሶልሶብዬ ይባላል፤ ከቼኮች የቤተሰብ ስሞች መካከል ብርቅ ከሚባሉት አንዱ ነው። ሲፈታ ሁለት ቃል ይወጣዋል፤ «ኦሶል» ጨው ጨምር፣ «ሶብዬ» ለራስህ። በሰው መታወቂያ ላይ፣ በቤቱ በር ላይ፣ ኋላም በመቃብሩ ላይ የሚጻፈው ስም «ጨውን ለራስህ ጨምር» ማለት ነው እንግዲህ!

ማታ ለጓደኛዬ ስነግረው አልጋው እስኪንቋቋ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ሳምንት ሙሉ ተከራከርን፤ ክርክሩ እኔ ተሸንፌ ወይም አሸንፌ ስላላለቀ ነው ወደ እናንተ ወደ አንባቢዎች ያመጣሁት።

በመጀመሪያ ስለ ስሞቹ ትንሽ ላውራ፤ ጣፋጭ ናቸውና። በቼክ አገር እጅግ የበዛው የቤተሰብ ስም ኖቫክ ነው፤ «አዲስ መጤ» እንደማለት ነው። ስቮቦዳ «ነፃነት» ነው። (እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1968 የዋርሶ ቃል ኪዳን ታንኮች ፕራግ ሲገቡ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ጄኔራል ሉድቪክ ስቮቦዳ ነበሩ። ታሪክ አንዳንዴ ፌዘኛ ናት።) ኩቼራ «ከርዳዳ ጸጉር»፣ ፕሮኻዝካ «ሽርሽር» ነው። እነዚህን በየትም አገር እናገኛቸዋለን። እኔን የገረሙኝ ግሶቹ ናቸው። ናቭራቲል «ተመለሰ» ነው። ፖስፒሺል «ቸኮለ»፤ ቪስኮቺል «ዘሎ ወጣ»። ባለቅኔው ኔዝቫል በስሙ «አልጠራም» የሚል ሰው ነው፤ ደራሲው ቦሁሚል ህራባልም «ጫረ፣ በመንሽ ሰበሰበ» ነው። አንባቢ ሆይ፣ ይኼ ከአበበ፣ ከደመቀ፣ ከተሾመ በምን ይለያል? በኃላፊ ጊዜ የተነገረ፣ ለአንድ ወንድ የተነገረ ግስ፤ በቃ፣ ስም ሆነ። አውሮጳ መሃል ላይ እንደኛ የሚሰይም ሕዝብ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ።

ከእነዚህ አልፈው ደግሞ ሙሉ ዓረፍተ ነገር የሆኑ አሉ፤ ብርቅዬዎቹም በብዛት እነሱ ናቸው። ስቶዬስፓል «ቆሞ ተኛ»። ስኮችዶፖሌ «ዘለህ እርሻ ግባ»። ራድሴቶውላል «መንከራተት ይወድ ነበር»። ኔዬስኽሌባ «ዳቦ አትብላ»። ኦሶልሶብዬ የእነዚህ ወንድም ነው።

ለመሆኑ እንዲህ ብሎ የሰየመ ማነው? አባት ልጁን ዳቦ አትብላ ብሎ አይሰይምም፤ ሰው ራሱንም አይሰይምም። የሰየመው ጎረቤት ነው። አንድ ገበሬ በሰው ማዕድ ላይ ቀርቦ ወጡ አልጣፈጠኝም ብሎ አጉረመረመ እንበል፤ ባለቤቲቱ «ጨውን ለራስህ ጨምር!» አለችው፤ ሰው ሳቀ፤ በማግስቱ ወፍጮ ቤት ሲደርስ «ያ ጨውን ለራስህ መጣ» ተባለ። እንዲህም ባይሆን እንዲህ የመሰለ ነገር ሆኗል። ስሙ የሰውየው አይደለም፤ የሌሎች አፍ ነው። የአፉን ባለቤት ማንም አያስታውሰውም፣ የሳቀውን ማንም አያስታውሰውም፣ የተሳቀበት ሰው የልጅ ልጅ ግን ይሸከመዋል።

ደግሞ በቼክ መንደሮች ዘንድ በቀድሞው ጊዜ ስም የደም እንኳ አልነበረም፤ የቤት ነበር። አንድ ሰው በጋብቻ ወደ ሌላ ሰው ርስት ሲገባ የቤቱን ስም ይይዝ ነበር። የሟችን ሚስት ያገባ ሰው የሟችንም ስም አብሮ ያገባል ማለት ነው። ልጆች ተወልደው ሌላ ጎጆ ከገቡ ደግሞ ስማቸው ሌላ ይሆናል። የአያቶቻቸውን መዝገብ የሚያስሱ ሰዎች እዚህ ላይ ሲደርሱ ጸጉራቸውን ይነጫሉ ይባላል፤ ወንድማማቾች በሁለት ስም፣ ባዕዳን በአንድ ስም ተጽፈው ያገኛሉና። ጭሱ የወጣበት ጣሪያ ስም ነበረው፤ ከጣሪያው ሥር የገባው ሰው ያንን ይለብሳል።

ይህንን ያቆመው መንግሥት ነው። የሀብስቡርግ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1770 እና 1771 ለወታደር ምልመላ ሲል ቤቶችን በቁጥር አስቆጠረ። ቀጥሎ በ1780ዎቹ ንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ ዳግማዊ እያንዳንዱ ሰው የማይለወጥና ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም ይኑረው አለ። ይኸው ንጉሥ በ1781 ገባሩን ከጌታው መሬት ጋር ያሰረውን ቀንበር ያላላ ሰው ነው፤ ስለዚህ ክፉ ብቻ ነበር ልል አልችልም። ጭሰኛው ከመሬቱ ሲፈታ ከስሙ ጋር ታሰረ ማለቱ ግን ትክክል ይመስለኛል። ግብር ሰብሳቢውና መልማዩ ሰው ሲጠፋባቸው «ያ የላይ ቤቱ» ብለው መፈለግ አይችሉማ! የመንደሩ ቀልድ በዚያ ቀን ቀለም ጠጥቶ ደረቀ። ጸሐፊው ብዕሩን ሲያነሳ የሰውየው መጠሪያ ጨውን ለራስህ ከነበረ፣ ለዘላለም ጨውን ለራስህ ሆነ።

እኛ ይህ አልደረሰብንም። የእኛ ስም ከአባት ስም ጋር ይሄዳል፤ በልጅ ዘመን አያት ከወረቀቱ ላይ ይወድቃል፤ ስለወደቀም ማንም አያለቅስም። ሰባት ቤት መቁጠር የሚችል በቃሉ ይቆጥራል። ታዲያ የውጭ አገር የኢሚግሬሽን ጠረጴዛ ፊት የቆሙትን ዘመዶቻችንን ስናይ ዮሴፍ ዳግማዊ አልሞተም ያሰኛል። «የቤተሰብ ስም?» ይባላሉ፤ የአያታቸውን ስም ይሰጣሉ፤ ያ አያት ሳያስበው በአሜሪካ የአንድ ትውልድ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ይቀራል፤ የልጅ ልጅ ልጁም አቶ እገሌ በእሱ ስም ይባላል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በአንድ ጸሐፊ ፊት፣ በችኮላ የተወለደ የቤተሰብ ስም።

አሁን ወደ ጥያቄው ልግባ። በቼክ ሪፑብሊክ ስለ ስም መዝገብ የወጣው የ2000 ዓመተ ምሕረት (እ.ኤ.አ.) ሕግ ቁጥር 301 አንድ ሰው ስሙ የሚያዋርድ ወይም የሚያስቅ ከሆነ፣ ወይም ሌላ ብርቱ ምክንያት ካለው፣ እንዲለውጥ ይፈቀድለታል ይላል። እንግዲህ አንድ ወጣት እናስብ፤ የኔዬስኽሌባ የመጨረሻው ወንድ ልጅ ነው እንበል። ትምህርት ቤት ዳቦ ባወጣ ቁጥር ተስቆበታል። ሃያ ዓመት ሲሞላው መዝገብ ቤት ሄዶ «ኖቫክ በሉኝ» ቢል፣ ጥፋት አጠፋ ወይ?

እኔ አጥፍቷል አልኩ። ጓደኛዬ አላጠፋም አለ።

«ስም ልብስ ነው» አለኝ። «ያሳከከህን ልብስ ታወልቃለህ።»

«ልብስ አይደለም፤ አደራ ነው። ይኼን ያህል ትውልድ ተሸክሞ ያደረሰለትን እሱ መንገድ ላይ ይጥለዋል?»

«የማን አደራ? ቅድም አንተው ነህ ጎረቤት ነው የሰየመው ያልከኝ። የፌዘኛ ጎረቤት አደራ አለ እንዴ? አያትየውም እኮ ወዶ አልተሸከመውም፤ ጸሐፊው ነው ጀርባው ላይ የጫነበት። ከጫንከው ሰው ተቀብሎ ያወረደ ሌባ ነው?»

እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ አፌ ተያዘ። አደራ የሚባለው ሰጪው ወዶ ሲሰጥ፣ ተቀባዩም ወዶ ሲቀበል ነው። ስለዚህ አደራውን ትቼ ብርቅነቱን ያዝኩ። ኖቫክ ቢጠፋ በአስር ሺህ የሚቆጠር ኖቫክ ይቀራል፤ በየመንደሩ መጤ ስለነበረ ስሙ በየመንደሩ ለብቻው ተወልዷል። ጨውን ለራስህ ግን ምናልባት አንዴ፣ በአንድ መንደር፣ በአንድ ማዕድ ላይ ነው የተወለደው። እሱ ከጠፋ ያ ማዕድ ጠፋ። ብርቅ ነገር ከተራ ነገር የበለጠ ጥንቃቄ አይገባውም?

ጓደኛዬ ከኪሱ ሁለት ሳንቲም አወጣ።

«መቶ ሰው አለ፤ መቶውም የተለያየ የቤተሰብ ስም አላቸው» አለኝ። «እያንዳንዱ ሁለት ሳንቲም ይወረውር። አንበሳው ስንቴ ከወጣ ያን ያህል ወንድ ልጅ ወለደ በል። ሁለቱም አንበሳ ከሆኑ ሁለት፤ አንዱ ከሆነ አንድ፤ ምንም ካልወጣ የለውም። በአማካይ ለአንድ ሰው አንድ ወንድ ልጅ ነው፤ ሕዝቡ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ታዲያ ስሞቹ ስንት ይቀራሉ?»

እኔ መቶ አካባቢ አልኩ። ሳቀብኝና ወረቀት ላይ ሠራው። በመጀመሪያው ትውልድ 25 ስም ይጠፋል። በሁለተኛው የጠፋው 39 ይደርሳል። በአምስተኛው 60። ማንም አልተገደለም፣ ረሀብ አልገባም፣ ማንም መዝገብ ቤት ሄዶ ስሙን አልቀየረም፤ ሰዉ ያው በአማካይ መቶ ነው፤ ስሙ ግን ወደ 40 ወርዷል። በዚሁ ከተቀጠለ ደግሞ እያንዳንዱ ስም አንድ ቀን መጥፋቱ አይቀርም። ይህንን ጥያቄ እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን በ1873 በጋዜጣ ላይ አቅርቦት ሄንሪ ዋትሰን የተባለ ቄስ በሒሳብ ሠራለት፤ በ1874 አብረው አሳተሙት። ቢዬናሜ የተባለ ፈረንሳዊ ከእነሱ ቀድሞ በ1845 እንደደረሰበት ኋላ ታውቋል። የመሳፍንት ስም ለምን ይጠፋል፣ ደማቸው ደከመ ወይ የሚል ጭንቀት ነበር የያዛቸው። መልሱ ከደም ጋር ምንም አይገናኝም፤ ሳንቲም ነው። (ጋልተን ራሱ ልጅ ሳይወልድ ነው የሞተው። እዚህ ላይ ጓደኛዬ በጣም ደስ አለው።)

«ስለዚህ ብርቅ ስም ማለት» አለኝ፣ «ገና ያልጠፋ ስም ማለት ነው። ክብርም አይደል፣ ኩነኔም አይደል። ለወደቀ ሳንቲም ታለቅሳለህ?»

በዚህ ምሽት ተሸንፌ ተኛሁ። ግን እንቅልፍ ሳይወስደኝ አንድ ነገር መጣብኝ። በዚያ ሳንቲም ውስጥ ሴቶቹ የት አሉ? ጋልተን አልቆጠራቸውም፤ ጓደኛዬም አልቆጠራቸውም፤ እኔ ስለ አደራ ስጮህ አልቆጠርኳቸውም። በቼክ ቋንቋ ሴት ልጅ ስትወለድ የአባቷ ስም ላይ «ኦቫ» ይጨመርላታል፤ ኖቫክ ኖቫኮቫ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ስታገባ ደግሞ በባሏ ስም ላይ ተጨምሮ ይሰጣታል። ከ2022 ጀምሮ ነው የትኛዋም ሴት ያለ «ኦቫ» ልጻፍ ብትል የሚፈቀድላት። አንድ ስም ጠፋ ስንል ቤቱ ጠፋ ማለታችን አይደለም፤ ሴቶቹ በሌላ ስም እየኖሩ ነው ማለታችን ነው።

ለዚህ ከካፍካ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ካፍካ ከቼክ «ካቭካ» የመጣ ነው፤ የቁራ ዘመድ የሆነች ትንሽ ጥቁር ወፍ ናት። አባቱ ሄርማን ካፍካ ፕራግ ውስጥ በነበረው ሱቁ ወረቀት ላይ ይህችን ወፍ ምልክት አድርጎ ያሳትም ነበር። ሄርማን ሦስት ወንዶች ወለደ፤ ሁለቱ በሕፃንነታቸው ሞቱ፤ ሦስተኛው ፍራንዝ በ1924 ልጅ ሳይኖረው በሳንባ በሽታ ሞተ። የሄርማን ሱቅ ወፍ ወራሽ አጣች። በጓደኛዬ ሳንቲም ብንሄድ ይኼ ቤት ዜሮ ነው። ይሁን እንጂ ፍራንዝ ሦስት እኅቶች ነበሩት። ናዚዎች ሦስቱንም ገደሏቸው፤ ከልጆቻቸው ግን የተረፉ ነበሩ። ደሙ በእነሱ በኩል አለፈ፤ ስሙ አላለፈም። ደግሞ በሌላ በኩል ያ ስም፣ በቤቱ ወራሽ ያጣው፣ በዓለም ቋንቋዎች ቅጽል ሆኖ ገብቷል፤ ፋይል ይዘን ከቢሮ ቢሮ ስንመላለስ «ካፍካዊ ነው» እንላለን። የሚገርመው ሰውየው ራሱ ባለታሪኮቹን በአንድ ፊደል ብቻ «ካ» ብሎ ይጠራ የነበረ ነው። ስም ያለ ልጅ ኖረ፤ ልጆች ያለ ስም ኖሩ። ታዲያ ከሁለቱ የቱ ነው «ዘር መቀጠል» የሚባለው?

ይህን ለጓደኛዬ ስነግረው ዝም አለ። እኔ ግን አልቆምኩም፤ ምክንያቱም ከካፍካ እኅቶች ወዲያ ሌላ ግድግዳ ነበረብኝ።

በዮሴፍ ዳግማዊ ዘመን፣ በ1787፣ ለአይሁዶች ለብቻቸው ትእዛዝ ወጥቶ ነበር፤ ቋሚ የጀርመንኛ ስም ያዙ ተባሉ፤ ከጥር 1788 ጀምሮም ጸና። ቀድሞ ብዙዎቹ እንደኛ በራስና በአባት ስም ነበር የሚጠሩት። ተገደው ያዙት፤ ትውልድ ሲያልፍ የራሳቸው ሆነ፤ ወደዱትም። ከ150 ዓመት በኋላ የማጓጓዣ ባቡሮቹ ዝርዝር የተጻፈው በዚያው ስም ነው። ፕራግ ውስጥ ፒንካስ በሚባለው የድሮ ምኩራብ ግድግዳ ላይ ከቦሄሚያና ከሞራቪያ ተወስደው የተገደሉ ከ77 ሺህ በላይ አይሁዶች ስም በ1950ዎቹ በእጅ ተጽፏል፤ የቤተሰቡ ስም በቀይ፣ የሰዎቹ ስም በጥቁር። በ1968 ሕንፃው በእርጥበት ምክንያት ተዘጋ፤ ጽሑፉም ጠፋ። ከ1992 እስከ 1996 ድረስ ሰዎች ቁጭ ብለው ሁሉንም ከፊደል ፊደል እንደገና ጻፉት። እዚያ ግድግዳ ላይ ካሉት ቀይ ስሞች መካከል ዛሬ በምድር ላይ ማንም የማይጠራባቸው እንዳሉ ለመገመት ሒሳብ አያስፈልግም።

«ይኼም ሳንቲም ነው?» አልኩት።

«አይደለም» አለ።

«እንግዲያው ብርቅነት ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ ስም ብርቅ የሆነው ሳንቲሙ ስለወደቀ ነው፤ ሌላው ብርቅ የሆነው ሰዎቹ ስለተገደሉ ነው። ከሁለተኛው ቤት የተረፈ አንድ ልጅ ስሙን ቢጥል፣ የገዳዩን ሥራ አይጨርስለትም?» ለሰዎች «የተሻለ ዘር» ለማራባት ለሚለው ትምህርት መጠሪያውን ያወጣለት በ1883 ይኸው የሳንቲሙ ሰው ጋልተን መሆኑንም ጨመርኩለት። ስም ቆጣሪ ሰው ሲቆጥር የት እንደሚደርስ ለማሳየት ነበር፤ ትንሽ ጨክኜ ነበር፤ አልጸጸትም።

ጓደኛዬ ሌሊቱን ሲያስብ አድሮ ጠዋት ሻይ ላይ የመለሰልኝን ግን ልሸሽገው አልችልም። ሊዲጼን አነሳ። በ1942 ሃይድሪክ ፕራግ ውስጥ ከተገደለ በኋላ ናዚዎች ሊዲጼ የምትባለውን መንደር የመረጡት ጥርጣሬያቸው በሁለት ቤተሰቦች ላይ ስለወደቀ ነው፤ ሆራክና ስትርዢብርኒ። ከሁለቱ ቤት አንድ አንድ ልጅ እንግሊዝ አገር በአየር ኃይል ውስጥ ነበር። ሰኔ 10 ቀን 173 ወንዶች በሆራክ እርሻ ቅጥር ግቢ ተረሸኑ፤ ሴቶቹ ወደ ማጎሪያ ተላኩ፤ ከልጆቹም አብዛኞቹ ተገደሉ። ልጆቹ ሃይድሪክን አልገደሉም፤ መንደሩም ምንም አላደረገም።

«አየህ» አለኝ፣ «ሰው ለስሙ መልስ ይስጥ ብለህ ስትጀምር መጨረሻው እዚህ ነው። ስሙን ሰው አድርገው ያዩት እነሱ ናቸው። አንተም ያንን የተረፈ ልጅ ‹ስምህ ዕዳ አለበት፣ ተሸከም› ስትለው፣ በደግ ልብ ይሁን እንጂ ከስሙ ጋር ልታስረው ነው። ግድግዳው ይሸከም። ግድግዳ አይደክመውም።»

ከዚህ በላይ የሚባል ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ሁለታችንም ግን እኩል የዘለልነው ነገር እንዳለ የታወቀኝ በኋላ ነው። ሁለታችንም ስንከራከር የነበረው ስለ ተሸካሚው ነው፤ ይያዝ ወይስ ይጣል። ያ ሕግ ስሙ «የሚያስቅ ከሆነ» ሲል የሚስቀው ማነው? ስም ብቻውን አያስቅም። ጨውን ለራስህ የሚለው ቃል በወረቀት ላይ ዝም ብሎ ነው የሚተኛው። ኢቮ ኦሶልሶብዬ የሚባሉ የብርኖ ምሁር ነበሩ (ከ1928 እስከ 2012)፤ የቲያትርና የምልክት ትምህርት ሊቅ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ካጠኑት ነገር አንዱ ሰው ያለ ቃል፣ ነገሩን ራሱን በማሳየት ብቻ እንዴት እንደሚነጋገር ነው። ስማቸው ሙሉ ዓረፍተ ነገር የሆነ ሰው፣ ዓረፍተ ነገር የማያስፈልገውን ንግግር አጠኑ። ቼኮች ይህንን ስም ሲሰሙ ዛሬ የሚያስቡት ያን ምሁር ነው እንጂ ያልጣፈጠ ወጥ አይደለም ብል ደስ ባለኝ፤ ቢያንስ ሊቃውንቱ እንዲያ እንደሚያስቡ አምናለሁ። ስሙ አልተለወጠም፤ የሚጠራው አፍ ነው የተለወጠው። እንግዲህ ስምን የሚያዋርደውም የሚያከብረውም ጠሪው ከሆነ፣ ስሙን በጠበቀ ወይም በጣለ ሰው ላይ ለምን እንፈርዳለን? ወጣቱ ኔዬስኽሌባ ኖቫክ ልባል ቢል ይባል፤ ግን ስሙን የገደለው እሱ ነው አትበሉኝ።

ይኼን በቀላሉ እንዳልደረስኩበት ልናገር። በስምንተኛ ክፍል ከእኛ ጋር አንድ ልጅ ይማር ነበር። ከእሱ በፊት የተወለዱት ወንድሞቹና እኅቶቹ በሕፃንነት ስለሞቱ አያቱ ሞት እንዲንቀው ብላ የወረደ ስም አወጣችለት፤ ይህ ልማድ በየገጠሩ እንደነበረ ታውቃላችሁ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። እንዳሰበችውም ሞት ናቀው፤ ልጁ አደገ፤ እኛ ግን አልናቅነውም። ስም ሲጠራ እሱ ጋ ሲደርስ ክፍሉ ይፈርሳል። እኔ ቀልደኛ ነኝ የምል ልጅ ስለነበርኩ በስሙ ግጥም ቢጤም ሠርቼ ነበር፤ ግጥሙም ተይዞልኝ ነበር። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ስሙን አስቀይሮ መጣ፤ ያማረ ስም። አስተማሪው አዲሱን ስም ሲጠራ ልጁ ዝም አለ። ሁለተኛ ጠሩት፤ ዝም። ረስቶት ነበር እንጂ እንቢ ብሎ አይደለም። በሦስተኛው ደንግጦ «አቤት!» ሲል ከመጀመሪያው የበለጠ ሳቅን። ያ ከሞት ያስጣለውን ስም፣ አያቱ በፍርሃት የጎነጎነችውን ክታብ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ አስጣልነው። እኔ ነኝ እንግዲህ ማታ ማታ ስለ አደራ የምጮኸው!

ይህንን ለጓደኛዬ የነገርኩት ባለፈው ዓርብ ማታ ነው። ረጅም ጊዜ አልመለሰልኝም። ከዚያ ከላይ አልጋው፣

«ዛሬ መንገድ ላይ ብታገኘው በየትኛው ትጠራዋለህ?» አለኝ።

«እሱን እጠይቀዋለሁ።»

«እስኪ ሳትስቅ ጠይቀው» አለኝና መብራቱን አጠፋው።